ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ የሚመክረው ኮሚቴ ቱምንም ይመልከት



አሳብ ያለው ሁሉ አሳቡን በሚገልጽበት በዚህ አምድ፣ ለብዙ አንባብያን ደረቅ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን የብዙ ሕፃናትን ዕድል የሚወስን አንድ ጉዳይ ለማቅረብ ፈልጌአለሁና ቦታ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ የሚመክረው ቋሚ ኮሚቴ ነው።

ብዙዎቻችን ሕግ የሚወጣው ጠቅላላው ምክር ቤት ተሰብስቦ እጅ ባወጣበት ሰዓት ይመስለናል። በእውነቱ ግን እጅ የሚወጣው ዋናው ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ረቂቁ ለምክር ቤቱ ቀርቦ በመጀመሪያ ከተነበበ በኋላ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴውም አንቀጽ በአንቀጽ ይመረምረዋል፤ ረቂቁን ያዘጋጀውን መሥሪያ ቤት ይጠይቃል፤ ጉዳዩ የሚነካቸውን ወገኖች ጠርቶ ያደምጣል፤ በመጨረሻም ሪፖርቱንና የውሳኔ አሳቡን ይዞ ወደ ምክር ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቃል ከሕግ ውስጥ የሚወጣውም የሚገባውም፣ አንድ ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ የሚለውም፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በትንሹ ክፍል ውስጥ ነው። ሕጉ ከወጣም በኋላ ሚኒስትሮችን እየጠራ «የታዘዘው የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቀው ይኸው ኮሚቴ ነው። ጠያቂው ምን እንደሚጠይቅ ያላወቀ እንደ ሆነ፣ መላሹ የሚመልሰው የሚመቸውን ብቻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ስድስተኛው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎቹን ሲያደራጅ «የሰው ሀብት ልማት፣ ሥራ ስምሪትና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ» የሚባለውን አቋቁሞ፣ ትምህርት ሚኒስቴርንና በዚያው ዓመት የተመሠረተውን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርን በአንድ ዓይን እንዲመለከት አደረገ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ ከማኅበራዊ ጉዳይ ጋር ተጣምሮ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ይኖር ነበር፤ የቴክኒክና የሙያ ትምህርት ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ወደ ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዚያም በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወረ። ልጅን የሚያስተምረው መሥሪያ ቤት አንድ፣ ሙያ የሚያስይዘው ሌላ፣ ሠራተኛ ሲሆን የሚጠብቀው ሦስተኛ በነበረበት ዘመን፣ በመካከላቸው የወደቀውን ልጅ ማን ያነሣው ነበር? ይህን የሚጠይቅ አንድ ጠረጴዛ መገኘቱ ደግ ነገር ነው።

ይህ ዓይነት አደረጃጀት ለእኛ ብቻ የታየ አይደለም። በአሜሪካ የእንደራሴዎች ምክር ቤት የትምህርትና የሠራተኛ ኮሚቴ መጀመሪያ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1867 ነው፤ በ1883 ለሁለት ተከፈለ፤ በ1947 እንደ ገና አንድ ሆነ። ለስልሳ አራት ዓመት ተለያይተው የኖሩ ሁለት ጉዳዮች ተመልሰው መገናኘታቸው፣ የትምህርት ቤት በርና የሥራ በር በአንድ ግቢ ውስጥ መሆናቸውን ያስረዳል።

ኮሚቴ የሚነካው ቁጥር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማስረዳት በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ን ከቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ጋር እናስተያይ። ረቂቁ ገና በመዘጋጀት ላይ ሳለ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን አጥብቆ የተከራከረበት ሕግ ነው። በመጨረሻ የወጣውን ስንመለከት ሰጥቶ መቀበል የተደረገበት መሆኑ ግልጽ ነው። ከወሊድ በኋላ የነበረው የ60 ቀን ፈቃድ 90 ቀን ሆነ፤ ለአባትም የ3 ቀን ፈቃድ ተፈቀደ። በሌላ በኩል 45 ቀን የነበረው የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ሆነ። የዓመት ፈቃድ መነሻው ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አለ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ይጨመር የነበረው አንድ ቀን በየሁለት ዓመቱ እንዲሆን ተደረገ። ሒሳቡን ብንሠራው፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በሁለቱም ሕግ 18 ቀን ያገኛል፤ ዐሥር ዓመት ያገለገለው ግን በቀድሞው 23፣ በአዲሱ 20 ቀን ነው። አዲስ ገቢው ሲጠቀም የቆየው ቀነሰበት ማለት ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ የምንተዳደር ስለ ሆንን ይህ በቀጥታ አይነካን ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ የቁጥር ለውጥ ማንን አንሥቶ ማንን እንደሚጥል ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው።

በዚያው አዋጅ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብዙ ያልተነገረለት ሌላ ቁጥር ነው። በቀድሞው ሕግ ለሥራ የሚቀጠር ልጅ ዝቅተኛ ዕድሜ 14 ዓመት ነበር፤ አዲሱ 15 አደረገው። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 የሥራ መጀመሪያ ዕድሜ የግዴታ ትምህርት ከሚያልቅበት ዕድሜ እንዳያንስ ያዛል። በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ሳይደግም ከሄደ፣ ስምንተኛ ክፍልን የሚጨርሰው በ15 ዓመቱ ነው። ስለዚህ 15 የሚለው ቁጥር እንዲያው በደፈናው የተጻፈ አይደለም። የትምህርት በር ሲዘጋ የሥራ በር እንዲከፈት፣ በመካከሉም ልጁ ውጭ እንዳያድር የታሰበ ልክ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ መብት ሲሰጣቸው፣ ትምህርትንና ሥራን በአንድ ዐረፍተ ነገር አያይዟቸዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ያማረ ልክ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ምን እንደሚመስል ልናገር። እኔ የምኖረው በምዕራብ ኦሞ ዞን በማጂ ወረዳ ቱም ከተማ ነው። በዙሪያችን ዲዚው፣ ሱሪው፣ ከወዲያም ሜኢኒቱ ይኖራል፤ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ በበቃና ወደ ቴፒ ሲወረድ ደግሞ አገሩ የቡና አገር ነው። በገጠር ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው ሰባት ዓመት በሞላው ዕለት አይደለም። መንገዱን ብቻውን ለመሄድ ጉልበት ሲያገኝ፣ ከብት የሚጠብቅ ታናሽ ወንድም ሲደርስለት ነው። እንግዲህ በዐሥር ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ በ15 ዓመቱ ገና አምስተኛውን ክፍል መጨረሱ ነው። ሕጉ «አሁን መቀጠር ትችላለህ» ሲለው፣ የትምህርት ቤቱ መዝገብ ደግሞ «ገና ሦስት ዓመት ይቀርሃል» ይለዋል። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ሳሉ፣ ገንዘብ የሚታይበትን በር ቢመርጥ ማን ይፈርድበታል?

ችግሩን የሚያብሰው ወቅቱ ነው። በእኛ አገር የቡና ለቀማ እንደ ቦታው ቆላነትና ደጋነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ይበረታል። ትምህርት የሚከፈተውም በመስከረም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት በሙሉ ከለቀማው ጋር አንድ ላይ ይውላል። ቡና ደግሞ አይጠብቅም፤ የቀላው ሳይለቀም ከቀረ ደርቆ ይረግፋል። ለደሃ ቤተሰብ የለቀማ ገንዘብ የጨውና የሳሙና መግዣ ነው፤ ከዚያም አልፎ የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። ደብተር ለመግዛት ወደ ለቀማ የሄደ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመለስ የሚጻፍበት ትምህርት አልፎት ያገኘዋል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው በእርሱ ላይ ደረሰ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቆጡ ላይ ያለውን እንዲያወርድ ያስገደደው ስስት ሳይሆን ችግር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ሕጉ ይከልክለዋ!» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይቀልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚገዛው በአሠሪና በተቀጣሪ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ የሌሊትና የትርፍ ሰዓት ሥራም እንዳይታዘዝ ይከለክላል፤ ይህ በትልቅ እርሻ ላይ ተቆጣጣሪ ደርሶ ሊመለከተው የሚችል ነገር ነው። በአባቱ ጓሮ ቡና የሚለቅመውን፣ ከእናቱ ጋር በጫካ ውስጥ ኮረሪማ የሚሰበስበውን፣ የአጎቱን ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ግን የሠራተኛ ሕግ አያውቀውም፤ ቀጣሪም ደመወዝም ውልም የለምና። እርሱን ሊደርስበት የሚችለው የትምህርት ሕግ ብቻ ነው፤ ማለት፣ ልጁ ለምን ሠራ ብሎ ሳይሆን ለምን ከክፍል ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሕግ። እንግዲህ የሠራተኛውን ሕግ አንድ ኮሚቴ፣ የትምህርቱን ሌላ ኮሚቴ ቢመለከተው፣ ይህን ቀዳዳ የሚያየው አይኖርም ነበር። አሁን ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ስለ ተገኙ፣ የመቀጠሪያው ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የተጠናቀቀው የክፍል ደረጃም አብሮ እንዲመዘን መጠየቅ ይቻላል።

የዕድሜው ነገር ራሱ ሌላ እንቅፋት አለበት። አሠሪው «ልጁ 15 ዓመት ሞልቶታል» ቢል፣ ተቆጣጣሪው በምን ያስተባብለዋል? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በ2003 ዓ.ም. ተወልዶ በ2018 ዓ.ም. 15 ዓመት የሚሞላው ልጅ በተወለደበት ጊዜ ያልተመዘገበ ነው። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ወላጅ በግምት የነገረውን ይዟል። ሕግ በቁጥር ሲጻፍ፣ ቁጥሩን የሚመሰክር ወረቀት ቀድሞ መኖር ነበረበት። ይህን የመሰለውን ነገር ኮሚቴው ከሚኒስትሮች ሪፖርት አያገኘውም፤ ሪፖርቱ የሚነግረው ስንት ተቆጣጣሪ እንደ ተሠማራ እንጂ፣ ተቆጣጣሪው ልጁ ፊት ቆሞ ምን እንደ ቸገረው አይደለም።

ስለዚህ ኮሚቴው ራሱ ወጥቶ ማየት አለበት። የመስክ ምልከታ ማድረጉንም በጋዜጣ እናነባለን። ነገር ግን የሚታይበት ወር ትልቅ ቁም ነገር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። እንደራሴዎች ከመረጣቸው ሕዝብ ጋር በሰፊው የሚገናኙት በእነዚህ የዕረፍት ወራት ነው። በዓመቱ አጋማሽ ወደ ቡና አገር የመጣ እንደራሴ ለቀማው አልፎ፣ ልጆቹም ገሚሶቹ ተመልሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያገኛቸዋል። በክረምት የመጣው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሁለቱም አይተው የሚመለሱት እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋናው እውነት የሚገኘው በጥቅምትና በኅዳር ነው። በጥቅምት አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ክፍል ስም ጥሪ ማዳመጥ፣ በአዳራሽ ከሚቀርብ የሁለት ሰዓት ማብራሪያ ይበልጣል።

በላይኛው ክፍል ያለውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች ለ2014 ዓ.ም. 3.3፣ ለ2015 ዓ.ም. 3.2፣ ለ2016 ዓ.ም. 5.4፣ ለ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ሆኖም ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ወዴት ሄዱ? ትምህርት ሚኒስቴር ስላለፉት ሲናገር፣ ያላለፉት አብዛኛውን ጊዜ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጉዳይ ይሆናሉ። እዚህም ላይ ሁለቱን ሚኒስትሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ «እናንተ ያስረከባችሁት ስንት ነው? እናንተስ የተረከባችሁት ስንት?» ብሎ ሒሳቡን ማስተያየት የሚችል ይህ ኮሚቴ ብቻ ነው። ለየብቻ ሲጠየቁ ግን የሁለቱም መዝገብ የተስተካከለ ይመስላል።

ጠርቶ የማድመጥን ጥቅም ታሪካችን ራሱ ያስተምረናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት በባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ነበር፤ በውስጡም መልካም አሳብ አልጠፋም። ነገር ግን መምህራን በሚገባ ሳይመከሩበት በመቅረቱ፣ የደሃ ልጅ በአራተኛ ክፍል ሊገታ ነው የሚል ሥጋት ተነሥቶ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ቀረ። የዚያ ወር ነገር በምን እንደ ተደመደመ ሁላችንም እናውቃለን። በቅርቡ ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን አዝዞ ነበር፤ አሳቡ ጥበቃ ነበር፤ ሆኖም ያልተማረችው እህታችን ጉዞዋን አልተወችም፤ በሕጋዊው መንገድ ፈንታ በደላላ መንገድ የምትሄድ ሆነች። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ግዴታው ተነሣ። በትምህርት ደረጃ የሥራን በር መዝጋት፣ ትምህርቱ ካልደረሰ ሰውን ወደ ጓሮ በር እንደሚመራ ይህ ያስረዳል። ስለዚህ እኔም ከላይ ያልሁት የክፍል ደረጃ ይመዘን ነው እንጂ፣ በክልከላ ብቻ ይለቅ ማለቴ አይደለም።

አንዳንድ ወንድሞች «የፌዴራል ኮሚቴ ስለ ቱም ምን አገባው? ትምህርት ቤትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው» ሲሉ እሰማለሁ። እውነት አላቸው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። ፖሊሲውንና የሠራተኛውን ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ መምህሩን የሚቀጥረው፣ ትምህርት ቤቱን የሚከፍተውና በጀቱን የሚደለድለው ክልሉ ነው። ቀድሞ ጉዳያችን እስከ ሐዋሳ ይጓዝ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉ ምክር ቤት ቀርቦናል። ይህን ቅርበት ልንሠራበት ይገባል። የቡናን ወቅት በየቀበሌው የሚያውቅ የክልል ኮሚቴ፣ የሠራተኛን ሕግ ከሚያውቅ የፌዴራል ኮሚቴ ጋር ካልተነጋገረ፣ አንዱ ቁልፉን ሌላው በሩን ይዞ መቆም ነው።

ስለዚህ በእኔ በኩል የሚታየኝ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ኮሚቴው ከመስክ ጉዞዎቹ አንዱን በጥቅምት ወይም በኅዳር ወደ ቡና አገር ቢያደርግ፣ በዚያም የትምህርት ቤት የስም ጥሪና የእርሻ የሠራተኛ መዝገብ ጎን ለጎን ቢመለከት። ሁለተኛ፣ በደቡብ ምዕራብ የቡና ወረዳዎች የትምህርት ዓመቱ ከለቀማው ጋር እንዳይጋጭ ማስተካከል ይቻል እንደ ሆነ የክልሉ ምክር ቤትና ትምህርት ቢሮው እንዲያጠኑ፣ ወይም ቢያንስ ለቀማው ባየለበት ሳምንት የቀረ ትምህርት በማካካሻ እንዲሰጥ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 1156 ያዘዘው፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስነው የደመወዝ ቦርድ ጉዳይ ቸል እንዳይባል፤ ኢሠማኮ በየዓመቱ በሜይ ዴይ የሚያነሣው ይኸው ነው። አባት በለቀማ የሚያገኘው ለቤቱ ቢበቃ፣ ልጁን ጨምሮ ባልወጣ ነበርና፣ የአባት ደመወዝ ጉዳይ ከልጅ ትምህርት ጉዳይ አይለይም። አራተኛ፣ ሕዝባዊ የአስተያየት መድረክ በአዲስ አበባ አዳራሽ ብቻ ሳይሆን፣ በሚዛን ወይም በቦንጋ ቢዘረጋ፤ መምህሩ፣ የቡና ገበሬውና የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪው በአንድ ወንበር ተቀምጠው ቢናገሩ፣ ከሪፖርት ያልተገኘ ነገር ይገኛል።

ይህ ሁሉ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው በጊዜው መምጣትንና ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅን ነው። ቱም ከዋና ከተማው እጅግ የራቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገር ግን ጋን በጠጠር ይደገፋል። በማጂ ተራራ ሥር ያለ አንድ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ቢይዝ፣ በአዲስ አበባ ተቀምጦ ያንን ቁጥር የጻፈው ኮሚቴ ሥራው ቆመ ማለት ነው። ካልሆነ ግን ቁጥሩ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይቀራል፤ ልጁም በቡናው መሐል።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይም በትምህርትና በሠራተኛ ጉዳይ ላይ የምትሠሩ፣ በየአካባቢያችሁ ያያችሁትን በዚሁ አምድ ብትጽፉልን ለሚመክሩት ሰዎች ስንቅ ይሆናል እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
(ከቱም፣ ማጂ ወረዳ)